እትዬ ዓላማና የደረጃው መንገድ

በሰፈሩ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ሴት በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ደመወዝ ከፋዩ እንኳ «እትዬ ዓላማ፣ ነይ ፈርሚ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ባሏም አንዱ ነው። ማንም ያውጣው ማን፣ ልክክ ያለ ስም ነው። የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ ስለ ራሱ ኑሮ አንድ ነገር አጣርቼ ልወቅ፣ ጥናት ላካሂድ ሲል መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። እሷም ወንበር ትስባለች፣ ከፔርሙሱ ሻይ ትቀዳለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና «እሺ፣ ዓላማችሁ ምንድን ነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። መልሱ ነው አሳር የሚያበላው። ሰው ሁሉ ወደዚያች ክፍል የሚገባው ዓላማ አለኝ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው። ወረቀቱን አውጥቶ ሲያነብ ግን «የአካባቢውን ሁለንተናዊ እድገት ማፋጠን» ይላል፤ ወይም «የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ»፤ ወይም ደግሞ «ያሉትን ችግሮች በጥልቀት መዳሰስ»። መዳሰስ የሚለውን ቃል እትዬ ዓላማ ዓይኑን ማየት አትወድም። ዳስሳችሁ ስታበቁ ምን ልትሆኑ ነው ብላ ትጠይቃለች፤ ፊቷን ሳታጠቁር፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። ከልቧ ነው የምትጠይቀው፤ ሰዉን የሚያናድደውም እሱ ነው።

አንድ ጊዜ የገበያው ነጋዴዎች ማኅበር «የገበያውን አጠቃላይ ሁኔታ ማጥናት» የሚል ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ትውሉ የለም ወይ፣ ሁኔታው ምኑ ጠፋችሁ አለቻቸው። ተነጫነጩ፣ እርስ በርስ ተጨቃጨቁ፣ ሄደው ተመለሱ። በመጨረሻ ይዘውት የወጡት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከሰዓት በኋላ ገዢ ለምን እንደሚቀንስ ከገዢዎቹ ከራሳቸው ጠይቆ ማወቅ፤ የምንከፍትበትንና የምንዘጋበትን ሰዓትም በዚያው መሠረት መወሰን።» አትክልት ሻጯ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ለዚህች ለአንድ መስመር ነው እንዲህ ያለፋሽን ስትላት፣ እትዬ ዓላማ አዎ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቀላሉ ነው ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ወዲህ የቲማቲሙን ምርጥ ለእሷ ታስቀምጥላታለች።

አሠራሯ ይኸው ነው፤ የተወሳሰበ ነገር የለውም። ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? የምትሰሙት ከማን ነው? ባወቃችሁት ነገር ማን ምን ይሠራበታል? እነዚህን መልሰው ጨረስን፣ ተገላገልን ሲሉ ደግሞ የመጨረሻውን ወንፊት ታወጣለች። «ጥናቱ ሲያልቅ፣ ዛሬ የማታውቁትን ምን ታውቃላችሁ?» እዚህ ላይ ስንቱ ወድቋል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ጥናት የሚለው፣ በልቡ የቆረጠውን ነገር ሌላ ሰው እንዲፈርምለት ነው። እንደዚያ ዓይነቱ ሲገጥማት፣ መልሱን የምታውቁት ከሆነ ጥናቱ ይቅርባችሁና አቤቱታ ጻፉ፣ አቤቱታ የሚቀበሉት ታች ነው ብላ በሩን ታሳያቸዋለች። አቤቱታ ተቀባዩ በዚህ የተነሳ ቂም ይዞባታል።

ይህ ጠባይዋ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። በወጣትነቷ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ተቀጥራ ነበር። ጡብ የሚያህል መጠይቅ አስታቅፈዋት ቤት ለቤት ስትዞር ትውላለች፦ ስንት ወንበር አላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ጥርስ የሚያመው ሰው በቤቱ አለ ወይ፣ መስኮታችሁ ወዴት ያያል። እጅ እግር የሌለው ነገር ነበር። አንዲት ልብስ አጣቢ እጃቸው አረፋ ውስጥ እንደተነከረ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ መለሱላት፤ አላጉረመረሙም። ሲያበቁ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራረጉና «እሺ የኔ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ የጠየቅሽኝ ለምንድን ነው?» አሏት።

እሷም አታውቀውም ነበር። ማታ አለቃዋን ጠየቀች። አለቃዋ የበላዩን ጠየቀ። የበላዩ መረጃው ሲሰበሰብ ይታወቃል አለ። መረጃው ተሰበሰበ፤ የታወቀ ነገር ግን አልነበረም። መጠይቁ በጆንያ ታስሮ መጋዘን ገባና የአይጥ ቀለብ ሆነ። እትዬ ዓላማ የሴትዮዋን ትዕግሥትና እርጥብ እጃቸውን መርሳት አቃታት። ሰው ከሥራው ተነጥሎ የሚሰጠው መልስ ለምን እንደሚውል ሊነገረው ይገባል ብላ ያመነችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከዚህ እምነቷ ፍንክች ብላ አታውቅም።

ቤቷ የደረጃው መንገድ በሚባለው፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ስሙ እንደሚለው መንገዱ ከላይ እስከ ታች ደረጃ ነው፤ ግራና ቀኙን ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፣ ከታች ሱቆቹና የአውቶቡስ ፌርማታው አሉ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የፊተኛውን ክፍል ሱቅም መኖሪያም አድርጎ የስፌት መኪናውን ሲያስጮህ ይውላል። ከእነሱ ጋር እናቷ ይኖራሉ።

እናቷ በሥራ ዘመናቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ደዋዩ ቁጥሩን ለእሳቸው ይናገራል፣ እሳቸው መስመሩን ሰክተው ያገናኛሉ። ግማሹን ከተማ በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነበር የሚያውቁት። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን አበጥረው፣ የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ደረጃውን እየረገሙ ይወርዳሉ። ለምሳ ሲመለሱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሻለው፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳገኘች የማያውቁት ነገር የለም። ባልየው የቤታችን ጋዜጣ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ለጋዜጣ ይከፈላል ብለው ቁልፍ ያስተክሉታል፣ ዚፕ ያስቀይሩታል።

ከጊዜ በኋላ ጋዜጣው ቀረ። አንድ ቀን ደከመኝ አሉ፤ ሌላ ቀን ነፋስ ነው አሉ፤ በኋላ ጭራሽ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት። ጠዋት ተነስተው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የመውጫ ጫማቸው አልጋው ሥር ሆኖ አቧራ ለበሰ። ምሳ ላይ ባልየው እሺ እማማ፣ ዛሬ ምን አለ ቢላቸው፣ ምን ይኖራል ልጄ ብለው ወጡን ወደ እሱ ገፋ ያደርጉታል።

እትዬ ዓላማ ፈራች። ደህና የነበረ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ቀስ እያለ እንደሚያልቅ በሌሎች ቤት አይታለች። እናቷ ያንን መንገድ የያዙ መሰላት። መንስኤውን ግን አወቅሁ ብላለች፤ በገዛ ዓይኗ አይታለችና። እናቷ መውጣት ሊያቆሙ ሰሞን፣ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቁጭ ብለው፣ ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው አግኝታቸዋለች። ምን ሆነሽ ስትላቸው ምንም ብለው ነበር። ለእትዬ ዓላማ ያ ብቻ በቂ ነበር፤ ጉልበቷ ነው፣ ደረጃው ነው ብላ ጉዳዩን በልቧ ዘጋችው። የጉልበት ቅባት ገዛች። ምርኩዝ ገዛች። ቅባቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ምርኩዙ ደግሞ የባሏ ጃኬት መስቀያ ሆነ።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ማዘጋጃ ቤቱ ለየመንገዱ ነዋሪ አንድ ጠቃሚ ነገር ልሠራ ነው ያለው። ነገር ግን የሚሠራው ነዋሪዎቹ በቅድሚያ አጥንተው በሚያቀርቡት መሠረት ነው፤ ለዚህም የጥናቱ ዓላማ ተጽፎ መግባት አለበት። የደረጃው መንገድ ሰዎች ኮሚቴ መረጡ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ለስብሰባ ብቻ ሳይሆን ዳቦ ለመግዛትም ክራባት የሚያስሩ ሰው። ይዘውት የመጡት ዓላማ «የደረጃው መንገድ ነዋሪዎችን ሁለንተናዊ ደኅንነት፣ ጤና፣ ማኅበራዊ ትስስርና የአካባቢ ውበት በዘላቂነት ማረጋገጥ» የሚል ነበር።

ምን የቀረ ነገር አለ አለቻቸው እትዬ ዓላማ። እሳቸው እንደ ምስጋና ቆጥረው ፈገግ አሉ። ከዚያ መለሰቻቸው። አሳጥረው መጡ፤ መለሰቻቸው። አስረዝመው መጡ፤ መለሰቻቸው። የማን ደኅንነት ነው፣ ከምንድን ነው የሚጠበቀው፣ ማንን ነው የምትጠይቁት እያለች ቁም ስቅላቸውን አሳየቻቸው። አንዴማ የተናደዱ ዕለት፣ ይህ መንገድ ችግሩ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ የሚያጠና ሰው አያስፈልገኝም ቢሏት፣ ያንኑ የታወቀ መልሷን ሰጠቻቸው፦ አቤቱታ የሚቀበሉት ታች ነው። ሊቀመንበሩ ክራባታቸውን አጥብቀው ወጡ። ነገሩን ግን በሆዳቸው ይዘውት ሄዱ።

የማስገቢያው ቀን ሲቃረብ የእትዬ ዓላማ ትዕግሥት አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያነሳሳት የትዕግሥቷ ማለቅ ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር ከሠራ የእጅ መደገፊያ ይሥራ፤ ዳርና ዳሩን ለእጅ የሚመች ብረት ከተዘረጋ እናቷ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እንደ ድሮው ይወርዳሉ። ይህን አሰበችና ክንፍ አወጣች። ጎረቤቷን ብረት በያጁን ስታማክረው በማግስቱ ሜትሩን ይዞ ደረጃውን ሲለካ ዋለ። ያን ቀን ማታ ሳህኑን ከገበታው ላይ ገፋ አድርጋ፣ ስንት ሰው አስለቅሳ የምታጽፈውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ራሷ ጻፈችው። ባሏ ጨረስሽ እንዴ ቢላት ይኼማ ግልጽ ነው አለችው።

በማግስቱ ኮሚቴው በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። አዳራሽ ይባል እንጂ የተደረደሩ የላስቲክ ወንበሮችና አንድ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው። እትዬ ዓላማ ቆማ አነበበች፦ «የደረጃው መንገድ የእጅ መደገፊያ ስለሌለው አረጋውያን ከቤት መውጣት እንዳቆሙ ማረጋገጥ፤ ማዘጋጃ ቤቱም መደገፊያውን እንዲያሠራ ማድረግ።» ብረት በያጁ ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም አጭር ናት፣ ጥሩ ናት ተባባሉ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ» አሉ። «ይህ ጥናት ሲያልቅ፣ ዛሬ የማናውቀውን ምን እናውቃለን?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሲታገል በአፍንጫው አመለጠው። እትዬ ዓላማ ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ወረቀቱ ምንም አላገዛትም።

«ጋሼ፣ ይኼማ ግልጽ ነው» አለች።

«ግልጽ ከሆነማ አቤቱታ ነዋ የሚሆነው። አቤቱታ የሚቀበሉት ደግሞ ታች ነው ብለሽኛል።»

አዳራሹ ከት ብሎ ሳቀ። ደሟ ፈላ። እናቴን በዓይኔ እያየሁ፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብላ በቁጣ ተናገረች። ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የነበረው ተንኮል ጠፋ። እሳቸውም እኚያን ሴት ደረጃው ላይ ካዩዋቸው ቆይተዋል፤ ሰላምታቸው ይናፍቃቸዋል።

«እማማን ጠይቀሻቸዋል?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ ዓላማ ወረቀቷን አጠፈች። ስብሰባው ለነገ ተላለፈ።

ቤቷ የደረሰችው ደረጃውን እየረገጠች ሳይሆን እየደበደበች ነው። ባሏ ከአንድ ቀሚስ ጋር ግብግብ ይዞ ነበር። ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ዘረገፈችለት፤ ሰውዬው ቂመኛ ነው፣ ለእልህ ነው፣ በሰው ፊት ነው ያዋረደኝ አለች። ባልየው አፉ መርፌ ቁልፍ ሞልቶት ስለነበር አልመለሰም። መርፌ ቁልፉ ሲያልቅበት ሌላ ከሣጥኑ ወስዶ አፉ ውስጥ ሲከት ያየችው ግን ይመስለኛል። በትዳር ብዙ የቆየ ሰው መቼ መናገር እንደማይገባው ያውቃል።

እናቷ መስኮቱ አጠገብ ናቸው። አሁኑኑ ጠይቄ፣ ነገ ጠዋት ለሰውዬው ይኸው ልበለው ብላ ገባችባቸው።

«እማዬ፣ ከቤት የማትወጪው በደረጃው ምክንያት አይደል?»

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«አዎ ካልሽ፣ አዎ።»

ልትደሰት ምንም አልቀራት። ግን መልሱ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ይህን ዓይነቱን መልስ በወጣትነቷ በስንቱ በር ላይ ሰምታዋለች፤ ጠያቂው ደስ ብሎት እንዲሄድ የሚሰጥ መልስ ነው። ጥያቄዋን መለስ ብላ አሰበችው። መልሱን ራሷ ጠቅልላ፣ አስራ፣ ለእናቷ የተወችላቸው እሺ ማለትን ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢመጣባት ኖሮ በሩን ነበር የምታሳየው። አፈረች። አዳራሹ ውስጥ ያልተሰማት ሃፍረት እዚህ፣ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ተሰማት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ያን ተይው። መውጣት የተውሽው ለምንድን ነው?»

ከዚያ ዝም አለች። በሙያዋ ከባዱ ነገር ይህ ዝም ማለት ነው፤ ለሌላው ስታስተምረው ይቀላታል፣ በእናቷ ፊት ግን ምላሷን ነክሳ ነው የያዘችው። እናቷ ውጭ ውጭውን አዩ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ወጥቼስ?» አሉ በመጨረሻ። «ድሮ ስወርድ ባለ ክር ሱቋ ወንበር አውጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ትንሽ ከዘገየሁ ‹ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ› ትለኛለች። አሁን እሷ ልጇ ዘንድ ሄደች። ሱቁን የያዘው ልጅ መልካም ልጅ ነው፣ ሰላምታ አይነፍገኝም። ግን ብወርድም ባልወርድም ለእሱ ያው ነው። ደረጃውንማ መቼ ወድጄው አውቃለሁ? እያማረርኩ እወርደው ነበር። የጎደለብኝ ‹ለምን ቀረሽ› የሚለኝ ሰው ነው።»

«ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ፣ ጉልበትሽን አሞሽ...»

«የቱን ጉልበቴን? ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው።»

እትዬ ዓላማ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። ቅባቱ፣ ምርኩዙ፣ የበያጁ ሜትር፣ የአዳራሹ ቁጣ፣ ሁሉም በአንዲት ጠጠር ላይ የተገነባ ነበር። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አለቻቸው።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ እናቷ። «ቅባት ገዛሽልኝ፣ ዱላ ገዛሽልኝ። ደግ ነሽ፣ ይባርክሽ። ግን አልጠየቅሽኝም።» ከዚያ መሐረባቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሰጧትና እንደ ማጽናናት፣ ሰውን ሁሉ ስትጠይቂ ውለሽ ስትገቢ ደክሞሽ ነዋ አሏት። ነቀፋ አልነበረበትም፤ አንጀቷን የበላትም እሱ ነው። እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቶ ነበር፤ ባልየው ሲሰማ እንደነበር ያወቁት መርፌ ቁልፉ ሲበተን ሰምተው ነው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩን ወደ ክፍሏ ጠራቻቸው። ወንበር ሳበች፣ ሻይ ቀዳች፣ አዲሱን ወረቀት አነበበችላቸው፦ «በደረጃው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ አረጋውያን ከቤት መውጣት የቀነሱት ለምን እንደሆነ ከራሳቸው ጠይቆ ማወቅ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሠራው ነገርም እነሱ በሰጡት ምክንያት ላይ እንዲመሠረት ማድረግ።» እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ያችኑ ጥያቄ ደገሙላት። ሲያልቅ ምን እናውቃለን?

«ምክንያቱን» አለች። «አሁን አላውቀውም። የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ አንድ ሰው ናት።»

ሊቀመንበሩ ሻዩን አንስተው ገና ትኩስ እንዳለ ጠጡት። በዚያች ክፍል እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጠያቂ ማን ይሁን የሚለው ሲነሳ አዛውንቶቹ ለማያውቁት ሰው ልባቸውን እንደማይከፍቱ ሁሉም ተስማማ። እትዬ ዓላማ ይህን እራት ላይ ስታወራ እናቷ እኔ እጠይቃለሁ አሉ፤ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ ሳህኑን እያነሱ። ልጅየው ጥያቄሽ ውስጥ መልስ እንዳታስገቢ ልትላቸው ስትጀምር አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ዝም አለች። በነጋታው አልጋው ሥር ያለው ጫማ ተጠረገ። ምርኩዙ አሁንም ጃኬት እንደተሸከመ ከበሩ ጀርባ ቀረ።

እናቷ ደረጃውን እያማረሩ መውረድ ጀመሩ። አንኳኩተው ይገባሉ፣ ለምን እንደመጡና ነገሩ ለምን እንደሚውል መጀመሪያ ይናገራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ዝም ብለው ይሰማሉ። በሥራ ዘመናቸው የሰውን ንግግር ሳያቋርጡ ማስተላለፍ ነበር እንጀራቸው። አንዳንዱ ቤት ሲገቡ የሚያውቁት ድምፅ ይገጥማቸዋል፤ ያኔ ጥያቄው ለጊዜው ይቀርና የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ። ምሳ የሚደርስበት ሰዓት እየገፋ መጣ። ባልየው ወጡን ከእሳት ላይ እያወረደ እየመለሰ ያጉረመርማል፤ ፊቱ ግን ይስቃል። ሲመለሱ እሺ እማማ፣ ዛሬ ምን አለ ይላቸዋል። እሳቸውም ገና ውሃ ሳይጎነጩ ይጀምሩለታል። እትዬ ዓላማ በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥሩ ጥናት አይታለች፤ እንደዚያ ሰሞን ግን ደስ ብሏት አያውቅም።

ውጤቱ እንደሰዉ ዓይነቱ ብዙ ነበር። መደገፊያ ይሠራልን ያሉ አሉ፤ ብረት በያጁ በዚህ ተጽናና። ዓይናቸው የደከመ አሉ። ከጎረቤት ጋር ተኳርፈው፣ በበሩ ማለፍ የሚከብዳቸውም ተገኙ። ከሁሉ የበዛው ግን ወጥቼ የት ልሂድ፣ ማን ይጠብቀኛል የሚለው ነበር፤ በየአፉ ቃሉ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ደረጃው ቀጥ ባለበት በኩል ብቻ ብረት አስተከለ፤ ከታች፣ ከፌርማታው ጎን ተዘግታ የኖረችውን የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ደግሞ አስጠርጎ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ ስልክ አስገባላት። ስልኩን የጠየቁት የእትዬ ዓላማ እናት ናቸው። ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ አረፍተ ነገር አስረድተው ነው ያስፈቀዱት።

አሁን ያቺ ክፍል ጠዋት ጠዋት ትሞላለች። እናቷ ከስልኩ አጠገብ ናቸው። የመጣውን በዓይናቸው ያዩታል፣ ያልመጣውን በሐሳባቸው ይቆጥሩታል፤ ከዚያ መነጋገሪያውን ያነሱና ይደውላሉ። በዚያ በጥንቱ፣ ጥርት ባለው ድምፃቸው፣ ዛሬ አላየንህም፣ ለምን ቀረህ ይላሉ። ሊቀመንበሩ እንኳ አንድ ቀን ክራባታቸው ጠፍቷቸው ሲፈልጉ ተደውሎላቸው፣ ያለ ክራባት ወርደዋል። እስከ ዛሬ ይወራል።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ዓላማ ወደ ሥራ ሳልገባ ጎራ እላለሁ ብላ ለእናቷ ቃል ሰጥታ ነበር። ጠዋት ግን ቀጠሮ ያለው ቡድን በር ላይ ይጠብቃታልና በቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። የወላጆች ማኅበር ነው፤ ወረቀታቸው ላይ ሁለንተናዊ የሚለው ቃል ከአንድም በላይ አለ። ወንበር ሳበች፣ ሻይ ቀዳች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። አፏን ከመክፈቷ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ ዓላማ ናት?» አለ ድምፁ። «ዛሬ ትመጫለሽ ብለን ወንበር ይዘንልሽ ነበር። ለምን ቀረሽ?»

ሥራ ይዞኝ ነው ልትል አሰበች። ምክንያቱ ውሃ እንደማያነሳ አወቀችና ተወችው። የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስትቀር የሚታወቅባት፣ ቦታዋ ባዶ ሆኖ የሚታይ ሰው መሆን እንዲህ ሆድን እንደሚያሞቅ እናቷ የነገሯት ያን ቀን መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ሰምታዋለች፣ ጽፋዋለች፣ ለማዘጋጃ ቤት አስገብታዋለች። በራሷ ላይ ሲደርስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምክንያት የለኝም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ነይ።»

ሻያችሁን ጠጡ፣ እመለሳለሁ ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የወላጆቹ ሰብሳቢ ወረቀቱን እንደያዘ በሩ ድረስ ተከትሏት፣ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ደመወዝ ከፋይ ይህች ሴት እንዲህ ስትሮጥ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀው።

«የሚጠብቃት ሰው አለ» አለው ደመወዝ ከፋዩ።